የደቻቱ ሌሊት እና የሐርላ ተረት

የድሬዳዋው ደቻቱ በበጋ ወንዝ አይመስልም። ከከዚራ ሠፈር ወደ መጋላ ሠፈር የሚሻገረው ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አሸዋውን ረግጦ ያልፋል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድሬዳዋን ለሁለት የከፈላት ግን ይኸው ደረቅ አሸዋ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ጣቢያው ከዚራ ላይ ቆመ፤ የፈረንሳይ መሐንዲሶችም ቀጥ ያሉ መንገዶች ቀየሱለት። ማዶ ያለው መጋላ በገበያውና በጠባብ ጉራንጉሩ በራሱ መንገድ አደገ።

ወንዙ በደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ወርዶ ከተማዋን ይሰነጥቅና ወደ ሽንሌ ሜዳ ያመራል። ባሕር አይደርስም፤ አሸዋው ይውጠዋል።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. የተራራው ዝናብ ሰው በተኛበት ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ያለ ቤት ቀሩ። ጎርፉ ያመጣው ክርክር ዛሬም አልበረደም። አንዱ ወገን «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ይላል። ሌላው ተራራው በማገዶና በከሰል መራቆቱን፣ ድሃው ቦታ አጥቶ ወንዙ ደጃፍ ላይ ጎጆ መቀለሱን ያነሳል። ቁጣማ ቢሆን ኖሮ ከቪላውም ከጎጆውም እኩል በወሰደ ነበር!

የቁጣ ወሬ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው ሐርላ የጥንት ነዋሪዎች ግዙፎች ነበሩ፣ በጥጋባቸው ጠፉ ይባላል። ገበሬው ሲያርስ የድሮ ሳንቲም ሲያገኝ፣ ሰው የማያነሳው የሚመስል የግንብ ድንጋይ ሲያይ፣ ተረቱ ሥር ሰደደ። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶልና የቅርስ ባለሥልጣን ባልደረቦቹ ቆፍረው ያገኙት ግን ሌላ ነው፦ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ የግብፅ ሳንቲም፣ የቻይና ሸክላ። የመቃብሩም አጥንት የግዙፍ አልነበረም። ነዋሪዎቹ ነጋዴዎችና አንጥረኞች ነበሩ።

የሐርላ ከተማ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ቆይቶ ተፈታ።

የጎርፉም መልስ እንዲሁ ከቁጣ ተረት ውጪ ነው። ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ በደቻቱ ዳርና ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ተጎጂዎችም ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ሆኖም ሚያዝያ 2012 ጎርፍ በድሬዳዋ ዳግም ሰው ገደለ። ክረምት በገባ ቁጥር በግንቡ ላይ ብቻ ከመነጋገር፣ ከደንገጎ በታች ስላለው የተራቆተ ተዳፋት እርከንና ችግኝ መነጋገሩ ይበጃል።