ሽታ የሌለው ብልሽት፦ የፍሪጅ ጋዝ መፍሰስና የምርመራው ታሪክ



የከተማችን ነዋሪ ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ለጠጋኙ የሚናገራት ዓረፍተ ነገር የታወቀች ናት፤ «ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላልኝ»። አነጋገሯ ከማእድ ቤት ቡታጋዝ የተወረሰች ትመስላለች። ቡታጋዝ ይነዳል፤ ስለሚነድም ያልቃል። የፍሪጅ ጋዝ ግን በሥራ ላይ ሳለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ፣ አንዴ ፈሳሽ አንዴ እንፋሎት እየሆነ፣ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣል። ከቀነሰ የቀነሰው በአንድ ቀዳዳ ወጥቶ ነው። ስለዚህ «ይሞላልኝ» ያለ ደንበኛ ሕክምናውን ከምርመራው አስቀድሟል ማለት ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ የዚህን ቀዳዳ አፈላለግ ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1920ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ወደ መኖሪያ ቤት የገቡት የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ በሜቲል ክሎራይድ ወይም በአሞኒያ ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1927 ለገበያ ያቀረበው፣ ኮምፕረሰሩን እንደ ቆብ በአናቱ ላይ የተሸከመው ዝነኛ ፍሪጅ የያዘው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ክብሪት ሲጫር አፍንጫን የሚወጋው ሽታ የዚህ ጋዝ ሽታ ነው። በትንሹም ቢያፈተልክ ቤተሰቡ እየሳለ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጠጋኙ ከመጠራቱ በፊት ምርመራው በቤቱ ሰዎች አፍንጫ ተጠናቅቋል። ለባለሙያው የሚቀረው ቦታውን መለየት ብቻ ነበር። ለዚህም በአሞኒያ የራሰ ጨርቅ በቱቦው መጋጠሚያዎች አጠገብ ያዞራል፤ ሁለቱ ጋዞች በተገናኙበት ስፍራ ነጭ ጭስ ይነሣል።

ሜቲል ክሎራይድ ግን ሽታው ደካማ በመሆኑ እንዲህ አያስጠነቅቅም ነበር። በ1929 በቺካጎ ከማቀዝቀዣ ባፈተለከ ሜቲል ክሎራይድ ሰዎች ሞተዋል። አልበርት አይንስታይንና ሊዮ ሲላርድም በበርሊን አንድ ቤተሰብ በዚህ ዓይነት አደጋ ማለቁን ሰምተው፣ የሚንቀሳቀስ ክፍል፣ ስለዚህም የሚላላ ማሸጊያ የሌለው ማቀዝቀዣ ለመሥራት እንደተነሡ ይተረካል። በ1930 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተውበታል፤ ወደ ማእድ ቤት ግን አልደረሰም።

የደረሰው ሌላ መፍትሔ ነው። በዚያው በ1930 ቶማስ ሚድግሊ በአሜሪካ ኬሚስቶች ጉባኤ ፊት አዲሱን ጋዝ በሳንባው ስቦ፣ መልሶ በመተንፈስ የበራ ሻማ አጠፋ። መርዝ አይደለም፣ አይነድምም ማለቱ ነበር። ፍሪዮን በሚል የንግድ ስም የታወቀው ይህ ጋዝ የብዙ ቤተሰቦችን ሕይወት እንዳተረፈ አልጠራጠርም። ሆኖም በተለምዶው መጠን ሽታ የለውም። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ስለ ብልሽቱ የሚያውቀው ወተቱ ሲበላሽ ሆነ።

የጠጋኙ ሙያ የረቀቀው በዚህ ጊዜ ነው። ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፤ ከጀርባ ያለው ኮንደንሰር ግን እንደ ወትሮው አይሞቅም፤ በረዶው የማቀዝቀዣውን ክፍል በሙሉ አይሸፍንም፣ ከመግቢያው ጥግ ብቻ ይይዛል። እነዚህን በእጅና በዓይን ማንበብ ግድ ነበር፤ የደከመ ኮምፕረሰር ወይም የተደፈነ ቀጭን ቱቦም ተቀራራቢ ምልክት ስለሚያሳይ መለየቱ ቀላል አይደለም። ቀዳዳውን ለማግኘት ደግሞ ባለሙያዎች አንድ የላቦራቶሪ ዘዴ ወረሱ። ኬሚስቱ ፍሬድሪክ ባይልሽታይን በ1872 ክሎሪን ያለበት ውሁድ በጋለ መዳብ ላይ ሲነድ ነበልባሉን አረንጓዴ እንደሚያደርግ አሳይቶ ነበር። የጥገና ባለሙያው መብራትም ይኸው ነው፤ አየር የሚስብ የጎማ ቱቦ፣ የመዳብ ሳህንና ትንሽ ነበልባል። የጎማው ጫፍ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ሲሆን ቀዳዳው ተገኘ። የሚያስቆጨው፣ ሰው እንዳይመርዝ የተመረጠው ጋዝ በዚያ ነበልባል ሲያልፍ ፎስጂን የተባለ ብርቱ መርዝ በጥቂቱ ማመንጨቱ ነው፤ የሚተነፍሰውም ጠጋኙ ነበር። ስለ ማቀዝቀዣ የተጻፉ ታሪኮች ሚድግሊን ሲያነሡ ይህን ሰው እምብዛም አያስታውሱትም።

በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ ይህ የጋዝ ዘር ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥቶ የኦዞንን ሽፋን እንደሚያሳሳ ጻፉ። የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በ1987 ተፈረመ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ውስጥ የ«ይሞላልኝ» ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ቀዳዳው ሳይገኝ የተሞላ ጋዝ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል፤ ደንበኛው እንደገና ይከፍላል፤ ጋዙም እንደገና ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከብዙ አገሮች ሱቆች የወጣው ጋዝ በከፊል እንዲህ ያለ የተደጋገመ ሙሌት ነው።

ተተኪው አር 134ኤ ክሎሪን ስለሌለው ያ ነበልባል በፊቱ ዕውር ሆነ። ከ1993 ጀምሮ በጀርመን ፎሮን የተባለው ፋብሪካ ወደ ገበያ ያወጣው ሌላው መንገድ ደግሞ ሃይድሮካርቦን ነው፤ ዛሬ በአብዛኞቹ አዳዲስ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን የዚሁ ዘር ሲሆን ይነዳል። በመብራቱ ቀዳዳ መፈለግ የለመደ እጅ እዚህ እሳት ያስነሣል። በእኛ ከተማ የጥገና ሱቆች የሦስቱም ዘመን ፍሪጆች ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ፤ ጋዙን የሚነግረው ከኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ተልጦ ወይም በቅባት ተሸፍኖ ይገኛል። አር 600ኤ የሚል ከተነበበበት የብየዳ እሳት የሚቀጣጠለው ጋዙ ከቱቦው ወጥቶ፣ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ብቻ ነው።

ከሁሉም ዘመን ጋር የኖረ አንድ ዘዴ አለ። ከጋዙ ጋር የሚዞረው የኮምፕረሰር ዘይት በቀዳዳው በኩል አብሮ ስለሚወጣ አቧራ የያዘ ቅባታማ ነጥብ ይተዋል። ጠጋኙ ነጥቡን በዓይኑ ይፈልጋል፤ ከዚያም ቱቦው ግፊት እያለው በሳሙና አረፋ የራሰ ስፖንጅ ያስነካዋል። አረፋው ካበጠ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ ጋዙ የየትኛውም ዘመን ይሁን።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ ልስጥ።