የታሪካዊት ሳቫና ማኅበር

የታሪካዊት ሳቫና ማኅበር በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ ሳቫና በተባለችው የወንዝ ወደብ፣ በ1955 በሰባት ሴቶች የተመሠረተና የከተማይቱን ጥንታውያን ሕንጻዎችና ሠፈሮች ከመፍረስ በመታደግ ስሙ የተጠራ የነዋሪዎች ማኅበር ነው (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ ከ400 የሚበልጡ ሕንጻዎችን ከጥፋት አድኗል። ሌሎች ከተሞች ከርሱ የቀሰሙት ትምህርት ግን ከቍጥሩ ብዛት የመጣ አይደለም፤ ያረጀውን ቤት ገዝቶ፣ በውል አስሮ፣ ሊኖርበት ለሚፈቅድ ሰው መልሶ በመሸጥ አንድ ሙሉ ሠፈር እንደገና ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ የሚቻል መሆኑን በሥራ ስላስመሰከረ ነው እንጂ።

ሳቫናን ከሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚለያት ሥርዓተ ቅየሳዋ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ኦግልቶርፕ በየካቲት 1733 ከሰፋሪዎቹ ጋር ከመርከብ ወርዶ፣ የያማክሮ ሕንዶች አለቃ ቶሞቺቺ በፈቀደለት የወንዝ አፋፍ ላይ ከተማይቱን ሲቈረቍር፣ ምድሩን በሠፈር በሠፈር ከፈለው፤ በየሠፈሩም እምብርት አንድ አደባባይ፣ በአደባባዩ ሰሜንና ደቡብ ዐሥር ዐሥር የመኖሪያ ምሪት የያዙ አራት ክፍሎች፣ በምሥራቅና በምዕራብ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያንና ለሕዝብ ሥራ የሚውሉ አራት ሰፋፊ ቦታዎች እንዲኖሩ ደነገገ። ከተማይቱም ባደገች ቍጥር ይኸንኑ ሥርዓት እየደገመች ሄዳ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ 24 አደባባዮች ነበሯት፤ ዛሬ 22ቱ አሉ። ስለዚህ በሳቫና አንድ ቤት ሲፈርስ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አደባባዩን ከከበቡት ግድግዳዎች አንዱ ይጐድላል፣ ሦስት አራቱ በተከታታይ ሲፈርሱ ደግሞ አደባባይ የነበረው ቅርጹ ጠፍቶ ተራ ሜዳ ይሆናል። ማኅበሩ ከጊዜ በኋላ ነጠላ ቤቶችን ትቶ ሠፈርን በሙሉ መጠበቅ የጀመረበትን ምክንያት ለመረዳት ይህን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል።

ከተማይቱ በ1820 በእሳት ቃጠሎ ብዙ ቤቶቿን ያጣች ብትሆንም ከዚያ ወዲህ በጡብ አጊጣ ተሠራች፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜም፣ በታኅሣሥ 1864፣ የጄኔራል ሸርማን ጦር ሳያቃጥላት ያዛት። ከጦርነት የተረፈችውን ከተማ ግን የጥጥ ንግድ መውደቅ ጐዳት። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጥጥ ነቀዝ እርሻውን ባጠፋው ጊዜ የወደቡ ሀብት ደረቀ፤ ባለጠጎቹ ወደ ከተማው ዳር ሲወጡ ትልልቆቹ ቤቶች በክፍል በክፍል ተከፋፍለው ለድኾች ተከራዩ፤ ጣራው ሲያፈስ የሚደፍነው፣ ደረጃው ሲሰበር የሚጠግነው ጠፋ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ቤቱ የተሠራበት ጡብ ለቤቱ ጠላት መሆኑ ነው። የሳቫና ግራጫ ጡብ የሚባለው ይህ ጡብ በወንዙ ዳር በሄርሚቴጅ እርሻ በባሮች እጅ የተቀረጸና የተተኰሰ፣ መጠኑ ተለቅ ያለ፣ መልኩ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው፤ በከተማው ዳር አዲስ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ለጌጥ አብዝተው ስለፈለጉት፣ ቆሞ ከሚከራየው ቤት ይልቅ ፈርሶ የሚሸጠው ጡብ የሚያተርፍበት ጊዜ መጣ።

በ1954 በኤሊስ አደባባይ ላይ የነበረው ትልቁ የከተማ ገበያ ፈርሶ በስፍራው የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ተሠራ። ገበሬው አትክልቱን፣ ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን ይዞ የሚመጣበት፣ ጥቁሩም ነጩም የሚገናኝበት ስፍራ ነበርና፣ መፍረሱ የብዙ ሰው ልብ አቈሰለ። በሚቀጥለው ዓመት በኮሎምቢያ አደባባይ የሚገኘው፣ በ1820 የተሠራው የዴቨንፖርት ቤት ለአንድ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ሲባል ግን፣ ጋዜጠኛና ሠዓሊ የነበሩት ወይዘሮ አና ሃንተርና ስድስት ጓደኞቻቸው ገንዘብ አሰባስበው በ22,500 ዶላር ገዙት፤ ማኅበሩም የዚያን ጊዜ ተቋቋመ።

ያ ቤት ሲገዛ ብዙ ቤተሰብ ተጨናንቆ የሚኖርበት የኪራይ ቤት ነበር። ከሮድ አይላንድ የመጣው አናጺና ግንበኛ አይዛያ ዴቨንፖርት ለራሱ የሠራው በመሆኑ ግን የሞያው ምስክር ነው፤ ከመንገዱ ተነሥተው ከግራና ከቀኝ ወደ በሩ የሚታጠፉት፣ የብረት ድጋፍ ያላቸው ሁለቱ ደረጃዎች፣ በውስጥም እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣው ሞላላ ደረጃ ዛሬም ይታያሉ። ቤቱ ታድሶ በ1963 ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ። የማኅበሩ ሥራ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስሙ ከከተማው ወሰን ባልወጣ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ከተማ ስንት ቤተ መዘክር ሊሸከም ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኙለት ከመሥራቾቹ ሴቶች የአንደኛዋ ልጅ የሆኑት ሊ አድለር ናቸው። ወደ 1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ በኦግልቶርፕ ጎዳና ላይ ማርሻል ሮው በመባል የሚታወቁት፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩና ጎን ለጎን የተያያዙ አራት ባለ ፎቅ ቤቶች ለጡባቸው ሲባል ተሸጠው፣ በስተጓሮ ያሉት የሠረገላ ቤቶች አስቀድመው ፈርሰው ነበር። አድለርና ተባባሪዎቻቸው መሬቱንም ጡቡንም ከአፍራሹ እጅ ገዝተው ቤቶቹን አስጣሉ። ከአራቱ በአንደኛው ቤት በኋላ የሳቫና ተወላጅ የሆነው ባለቅኔ ኮንራድ ኤይከን በስተእርጅናው መጥቶ ኖረበት፤ ሕፃንነቱን ያሳለፈበት ቤት ከጎኑ ነበርና።

ከዚህ ፈተና በኋላ ማኅበሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ የሚባለውን ሥርዓት አቋመ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከነዋሪዎችና ከነጋዴዎች በተዋጣው ገንዘብ ማኅበሩ ሊፈርስ የደረሰውን ቤት ይገዛል፤ ራሱ አያድሰውም፤ የማደስ ፈቃድና አቅም ላለው ሰው ይሸጥለታል። በሽያጩ ውል ላይ ግን ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚኖር የግዴታ ቃል ይጻፋል፤ ገዢው ቤቱን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያድስ፣ እንዳያፈርሰው፣ የውጭ መልኩን ያለ ማኅበሩ ፈቃድ እንዳይለውጥ፣ መሸጥ ቢያስፈልገውም አስቀድሞ ለማኅበሩ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ከሽያጩ የተመለሰው ገንዘብ ሌላ ቤት ይገዛበታል። አንዳንዱ ቤት በኪሳራ ቢሸጥ እንኳ ጎረቤቱ ዋጋው ከፍ ስለሚል፣ የጠፋው በሌላ መንገድ ይመለሳል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ማኅበሩ በፑላስኪ አደባባይና በጆንስ ጎዳና ዙሪያ ብዙ ቤቶችን በአንድ ጊዜ በመግዛት ይህን ብልሃት በሠፈር ደረጃ ሠራበት። ለብቻዬ አድሼ ጎረቤቴ ቢያፈርስስ ብሎ የሚፈራው ገዢ ጎረቤቱም በዚያው ውል የታሰረ መሆኑን ባየ ጊዜ ደፈረ።

ሌላው ዐቢይ ሥራ ቈጠራው ነው። ማኅበሩ በ1962 ባሠራው ምዝገባ በአሮጌው ከተማ ያሉት ሕንጻዎች በየመንገዱ ተመርምረው፣ ከ1,000 የሚበልጡት ሊጠበቁ የሚገባቸው ሆነው በየደረጃቸው ተመዘገቡ። ዋጋ የተሰጠው ለባለጠጎች ቤት ብቻ አልነበረም፤ ብቻውን ሲታይ እዚህ ግባ የማይባለው ትንሽ የእንጨት ቤት እንኳ በመንገዱ ገጽታ ላይ ያለው ድርሻ ተመዘነለት። ይህ መዝገብ በእጅ ባይኖር፣ በ1966 አሮጌው ከተማ በፌዴራሉ መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ክልል ተብሎ ሲሰየም፣ በ1973ም የአዲስ ሕንጻን ቁመትና ይዞታ የሚወስነው የከተማ ደንብ ሲወጣ፣ የሚጠቀስ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማው ምዕራባዊ ክፍል ዕድል ሌላ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን ንግድና ኑሮ ማዕከል በነበረው በዌስት ብሮድ ጎዳና ላይ የቆመው ታላቁ የባቡር ጣቢያ በ1963 ለአውራ ጎዳና ሲባል ፈረሰ፤ በዙሪያው የነበሩት ሠፈሮችም አብረው ጠፉ። በተጠበቀው ክፍል ውስጥም ቢሆን ቤቱ ሲታደስ ኪራዩ ስለሚወደድ፣ ተከራዩ ድኻ እየለቀቀ የመሄድ ዕጣ ደረሰበት። ሕንጻ ድኖ ሰው ከተሰደደ ሥራው እኩሌታው ብቻ እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል የሚል ነቀፋ በተነሣ ጊዜ፣ ነቀፋው ትክክል ነበር፤ ራሳቸው አድለርም አልካዱትም። በ1974 ከማኅበሩ የተለየ ሌላ ድርጅት አቋቁመው፣ ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ባለው የቪክቶሪያ ዘመን የእንጨት ቤቶች ሠፈር፣ በመንግሥት የኪራይ ድጎማ እየተረዱ ቤቶችን አድሰው፣ በዚያው የሚኖሩት ድኾች ሳይፈናቀሉ እንዲቀመጡባቸው ጣሩ። ሥራው ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ አድካሚ ነበር፤ የሠፈሩን ነዋሪዎች ሁሉ ለማዳረስም አልቻለም።

ከሌላ ወገን ደግሞ የፖስታ አመላላሽና ከ1950 እስከ 1976 የከተማው የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩት ዌስትሊ ወላስ ሎው፣ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ያለባቸው ቤቶችና መካነ መቃብሮች እንዳይዘነጉ ሲታገሉ ኖሩ። በ1896 የተሠራው ኪንግ ቲስዴል የተባለው ትንሽ የእንጨት ቤት በርሳቸው ትጋት ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ከተዛወረ በኋላ በ1981 ቤተ መዘክር ሆነ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡት ልጆች በ1867 የተከፈተው የቢች ትምህርት ቤት ሕንጻም ዛሬ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ማዕከል ነው።

የኤሊስ አደባባይ የመኪና ማቆሚያ የኀምሳ ዓመት ውሉ ካለቀ በኋላ ፈርሶ፣ አደባባዩ በ2010 እንደገና ለሕዝብ ተከፈተ፤ መኪናዎቹ አሁን የሚቆሙት ከመሬት በታች ነው። ማኅበሩም የዴቨንፖርትን ቤት እያስተዳደረ፣ በተዘዋዋሪው ገንዘብ ቤት መግዛትና መሸጥን ሳያቋርጥ እስከ ዛሬ ይሠራል።