ከቀለም ነካሪው ጋን እስከ ሰው ጠባይ፤ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ

የብልሽት ምርመራ ሪፖርት የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ለመንስኤው የሚሰጠው ስም፣ ብልሽቱ የሚታረምበትን መንገድ አስቀድሞ ይወስናል። በእንግሊዝኛ የቴክኒክ ጽሑፎች ዘወትር ከሚያጋጥሙት ከእነዚህ ስሞች አንዱ «ኢንግሬይንድ» የሚለው ቅጽል ነው። መዛግብተ ቃላት «ሥር የሰደደ፣ የማይለቅ» የሚል ፍች ይሰጡትና «ኢንሄረንት»፣ «ኢኔት» እና «ኢንቬተሬት» የተባሉትን ቃላት በአቻነት ይደረድሩለታል። የቃላቱ ትውልድ ግን አንድ አይደለም። ከሁሉም ይልቅ ለመሐንዲስ የሚቀርበው የ«ኢንግሬይንድ» ታሪክ ነው፤ ይህ ቃል የተወለደው በእጅ ባለሙያዎች የሥራ ቦታ ነውና።

ቃሉ የተገኘው «ግሬይን» ከሚለው ስም ሲሆን፣ ይህም በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ግራኑም» ማለትም «ቅንጣት፣ ዘር» የወረደ ነው። በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ በሚበቅል አንድ ዓይነት የኦክ ቍጥቋጦ ላይ ትንንሽ እንክብሎች ይገኛሉ። የጥንት ሰዎች እነዚህን ለቅመውና አድርቀው ሱፍን ደማቅ ቀይ ያቀልሙባቸው ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንክብሎቹን እንደ ዛፉ ፍሬ ቈጥሮ ጽፎላቸዋል፤ ግሪኮችም «ኮኮስ» ማለትም «ፍሬ» ብለዋቸዋል። እውነቱ ግን እንክብሎቹ በቅርንጫፉ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የእንስት ነፍሳት አካል መሆናቸው ነው። ይህን የምሥራቁ ስማቸው ጠብቆ አቈይቶታል፤ ዐረቦች «ቂርሚዝ» የሚሉት ቃል ምንጩ «ትል» ማለት ነው፤ እንግሊዝኛውም «ክሪምዘን» የተባለውን የቀይ ቀለም ስም ከዚሁ ወስዷል። ስለዚህ አንድ ቀለም በአንድ ወገን የዘር፣ በሌላው ወገን የትል ስም ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር ገባ።

ይህ ቀለም የተከበረው በድምቀቱ ብቻ ሳይሆን ባለመልቀቁም ነው። አለመልቀቁ ግን ከቀለሙ ብቻ የሚመጣ አልነበረም። ቀለም ነካሪው አስቀድሞ ሱፉን አሉም በተባለው ጨው ውስጥ ያፈላዋል፤ በጨው ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በአንድ ወገን ከሱፉ ጭረት፣ በሌላው ወገን ከቀለሙ ጋር ተያይዞ ሁለቱን ያስተሳስራል። ይህን አያያዥ ባለሙያዎች «ሞርዳንት» ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ «ነካሽ» ማለት ነው። ያለ ነካሹ ቀለሙ በእጥበት ይደበዝዛል።

«በግሬይን የተነከረ» የሚለው አባባል መጀመሪያ የዚህ ሥራ ስም ነበር፤ ቈይቶም የማይለቅ ቀለም ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያም ከጨርቅ ወደ ሰው ተሻገረ። ሼክስፒር «የዐሥራ ሁለተኛዋ ሌሊት» በተባለው ተውኔቱ ኦሊቪያን ስለ መልኳ ያናገራት በዚሁ የቀለም ነካሪዎች አነጋገር ነው። ተውኔቱ መታየቱ መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1602 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

እስፓኞች በ1521 ሜክሲኮን ከያዙ በኋላ ኮቺኒል የተባለው የአሜሪካ ነፍሳት ቀለም ቂርሚዝን ከገበያ እያስወጣው ሄደ። በ1856 ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት በተገኘ ንጥረ ነገር ሰው ሠራሽ ቀለም ሠራ፤ የነፍሳት ቀለም ዘመንም ማብቃት ጀመረ። ሙያው ሲረሳ ቃሉ ብቻውን ቀረ። «ግሬይን» በእንጨት ላይ ለሚታየው ጭረትም ስም ስለሆነ፣ ተናጋሪዎች «ኢንግሬይንድ» የሚለውን «በጭረቱ ውስጥ የሰረጸ» ብለው ይረዱት ጀመር። በዚህ ጊዜ ስለ ነካሪውና ስለ ነካሹ የሚናገረው የቃሉ ትርጕም ተሸፈነ።

አቻ የተባሉት ቃላት ከዚህ የሚለዩትም በዚሁ ነው። «ኢኔት» ከላቲኑ «መወለድ» የመጣ ስለሆነ አብሮ የተወለደን ነገር ያመለክታል። «ኢንቬተሬት» «አሮጌ» ከሚለው ቃል የወጣ በመሆኑ በዕድሜ ብዛት የጸናን ነገር ይገልጻል። «ኢንሄረንት» በምንጩ «መጣበቅ» ማለት ቢሆንም፣ በአጠቃቀም ከነገሩ ባሕርይ የማይነጠለውን ይጠራል። ብረት ሲሞቅ መስፋቱ የባሕርዩ ነው፤ ማንም አላስተማረውም፣ ማንም አያስተወውም። ብየዳ በብረት ውስጥ ትቶት የሚሄደው ውጥረት ግን በሥራ የገባ ነው፤ ተራ የካርቦን ብረትን ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አሙቆ ቀስ ብሎ በማቀዝቀዝ አብዛኛው ይወገዳል። ሁለቱም በዓይን አይታዩም፤ ሁለቱም «በብረቱ ውስጥ ያሉ» ናቸው፤ የሚጠይቁት ሥራ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይህ ልዩነት በሰዎች አሠራር ላይ ሲዘነጋ የሚያስከፍለው ዋጋ ታይቷል። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ጥር 28 ቀን 1986 ከነሰባት ተጓዦቿ ጠፋች። የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያሽገው የጐማ ቀለበት በብርድ ምክንያት ተግባሩን አልፈጸመም ነበር። በቀለበቱ ላይ የመበላት ምልክት የታየው ገና በ1981 ሲሆን፣ በረራው በሰላም ባለቀ ቍጥር ምልክቱ እየተለመደ መጥቶ ነበር። ከአደጋው በኋላ መጋጠሚያው እንደ አዲስ ተነደፈ፤ በረራውም በ1988 ቀጠለ። የካቲት 1 ቀን 2003 ግን ኮሎምቢያ የተባለችው ሌላዋ መንኰራኵር ሰባት ሰዎች እንደ ያዘች ተሰባበረች። በዚህ ጊዜ ምክንያቱ ከነዳጅ ታንኩ ተገንጥሎ ክንፏን የመታ የአረፋ ቍራጭ ነበር፤ የአረፋው መገንጠልም ከቀደሙት በረራዎች ጀምሮ የተለመደ ነበር። የምርመራው ጉባኤ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ከአረፋው እኩል ተጠያቂ አድርጎ፣ የጊዜ ሰሌዳን ግፊትና የበጀት እጥረትን ጠቅሷል። በቀለም ነካሪው ቋንቋ ለመናገር፣ ከ1986 በኋላ ጨርቁ ታጠበ እንጂ ነካሹ አልተነሣም ነበር።

አማርኛም ለዚህ ልዩነት ቃል አላጣም። «ባሕርይ» እና «ልማድ» የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ሲባልም ጥፋቱ የሚጣለው በልማዱ ላይ ነው። ችግሩ «ሥር የሰደደ» የሚለው አባባል ሁለቱን ደራርቦ ሲሸፍን ነው። በሪፖርት ላይ «የጥገና ጉድለቱ ሥር የሰደደ ነው» ተብሎ ሲጻፍ፣ አንባቢው ነገሩን እንደ ብረት መስፋት ቈጥሮ ሊያልፈው ይችላል። «በአሠራር የገባ» ቢባል ግን ማን አስገባው፣ መቼ ገባ፣ ምንስ ይዞት ቈየ የሚሉ ጥያቄዎች ወዲያው ይከተላሉ። የመሐንዲሱ ሥራ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው፤ ከሦስቱም ይልቅ የመጨረሻው፣ ማለትም ነካሹን የሚፈልገው ጥያቄ፣ መልስ ሳያገኝ ሪፖርቱ ባይዘጋ ይመረጣል።