የኢ-ሜይል ሊንክ በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈትበትን መንገድ መወሰን

አዲስ አበባ፦ በድረ ገጽ ላይ የሰፈረ የኢ-ሜይል አድራሻ ሲጫን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት የሚወስነው ድረ ገጹ ሳይሆን የተጠቃሚው ኮምፒዩተር ነው። ማስተካከያው ችላ ከተባለ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከግል አድራሻ፣ አልፎ ተርፎም በሌላ ሠራተኛ ስም ሊላክ ይችላል።

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ ከተጀመረበት ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ፣ በተለይም የወረዳኔት መረብ ከተዘረጋ በኋላ፣ ኢ-ሜይል የመንግሥት ሥራ መገልገያ ሆኗል። በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌሎቹ አሥር የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንድን ኮምፒዩተር በጋራ የሚጠቀሙ ሠራተኞች ለጉዳዩ ልዩ ትኩረት ሊሰጡት ይገባል።

የዚህ ዓይነቱ ሊንክ “ሜይልቱ” በሚል ቃል ይጀምራል። ማሰሻው ቃሉን ሲያገኝ አስቀድሞ የራሱን ማስተካከያ ይመለከታል። በዚያ የተመረጠ የድረ ገጽ ኢ-ሜይል ከሌለ ሥራውን ለኮምፒዩተሩ ሥርዓት ያስተላልፋል።

በፋየርፎክስ “ሴቲንግስ” ተከፍቶ “ጄኔራል” ከሚለው ሥር “አፕሊኬሽንስ” የተሰኘው ክፍል ይፈለጋል። “ሜይልቱ” ከሚለው መስመር ትይዩ የሚፈለገው አገልግሎት፣ ወይም ሁልጊዜ እንዲጠይቅ የሚያደርገው ምርጫ ይመረጣል። ኮምፒዩተሩ የጋራ ከሆነ ሁለተኛው ይመረጣል።

በጎግል ክሮም ጂሜይል ተከፍቶ ሳለ በአድራሻው መስመር ቀኝ ጫፍ የሚታየውን ምልክት በመጫን ፈቃድ መስጠት ይቻላል። የተሰጠውን ፈቃድ ለመሰረዝ ከ“ሴቲንግስ” ውስጥ “ፕሮቶኮል ሃንድለርስ” የሚለው ይከፈታል።

መሥሪያ ቤቱ አውትሉክን ወይም ሌላ ፕሮግራምን የሚጠቀም ከሆነ በዊንዶውስ “ሴቲንግስ” ውስጥ “ዲፎልት አፕስ” በሚለው ሥር ይመረጣል። የቀድሞው የዊንዶውስ “ሜይል” ፕሮግራም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ስለተቋረጠ፣ በእርሱ ይሠሩ የነበሩ ሠራተኞች ይህን ማስተካከያ ሊፈትሹ ይገባል።

ሊንኩ የደብዳቤውን ርዕስ፣ ግልባጭ ተቀባዮችንና ይዘቱን ጭምር አስቀድሞ ሊሞላ ይችላል። ሆኖም ላኪው የመላኪያውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ መልእክቱ አይላክም። በመሆኑም ከመላክ በፊት ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እነርሱም የላኪው አድራሻ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ፣ በግልባጭ ዝርዝሩ ያልታሰበ ተቀባይ አለመኖሩና ይዘቱ በላኪው የታወቀ መሆኑ ናቸው።

ማስተካከያውን መለወጥ ያልተፈቀደለት ሠራተኛ ሊንኩን በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ አድራሻውን በመገልበጥ በራሱ የኢ-ሜይል ገጽ ላይ ማስገባት ይችላል። በጋራ ኮምፒዩተር የሠራ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ ከኢ-ሜይሉ መውጣት ይኖርበታል፤ ይህን ካላደረገ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሠራተኛ ሊንኩን ሲጫን የሚከፈተው የቀደመው ሰው ሳጥን ይሆናል።