ከግጭት ጥገና በኋላ የሚሰማ የኋላ ፍሬን ድምፅ፦ ምንጩ እንዴት ይለያል?

በግጭት የተጎዳ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ አካሉ ተቃንቶ፣ ቀለሙም አዲስ መስሎ ይታያል። ይሁንና መንገድ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከኋላ ጎማዎቹ አካባቢ ፉጨት፣ የብረት ፍትጊያ ወይም መንኳኳት ሊሰማ ይችላል። ድምፁ ቀላል ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ሁሉ የፍሬኑን አቅም የሚያዳክም ብልሽት ምልክትም ሊሆን ስለሚችል፣ “እየተነዳ ይለቀዋል” ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ድምፁ መቼ ይሰማል?

ምርመራው የሚጀምረው ጎማ በመፍታት ሳይሆን በማዳመጥ ነው። ድምፁ የሚሰማው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ በፍሬን ሸራው እና ሸራው በሚይዘው ዲስክ ወይም ታምቡር ላይ ያርፋል። ፍሬን ሳይያዝም ከጎማው ዙረት ጋር እየተመላለሰ የሚሰማ ከሆነ፣ አንድ የተጣመመ ክፍል የሚዞረውን አካል እየነካ ሊሆን ይችላል። ከፍጥነት ጋር የሚጨምርና መኪናው ሲታጠፍ የሚለወጥ ጉምጉምታ ደግሞ ወደ ጎማው ኩሽኔታ ያመለክታል።

በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ስለዚህ ተሽከርካሪና ሰው በሌለበት ሜዳ በዝግታ እየተነዳ የእጅ ፍሬኑ በትንሹ ሲሳብ ድምፁ ከተለወጠ፣ ምንጩ የኋላ ፍሬን ስለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ግጭቱና ጥገናው የሚተዋቸው ምክንያቶች

መኪናው ለሳምንታት ጋራዥ ውስጥ ሲቆም ዲስኩና ታምቡሩ ይዝጋሉ። ዝገቱ ቀላል ከሆነ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ሲያዝ ተጠርጎ ድምፁ ይጠፋል። ድምፁ ለቀናት ከቀጠለ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ስቱኮ ሲፈገፈግ የሚነሳው አቧራ፣ የቀለም ብናኝ፣ ግሪስ ወይም የፍሬን ዘይት ሸራው ላይ ሲያርፍ ያስጮኻል፤ የመያዝ አቅሙንም ይቀንሳል። ዘይት ወይም ግሪስ የጠጣ ሸራ በአዲስ መተካት አለበት።

ከዲስኩ ጀርባ የሚገኘው ስስ መከላከያ ቆርቆሮ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጣመም እንኳ ዲስኩን እየነካ ያፏጫል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተቆልምሞ ወይም ተጨፍልቆ ከሆነ፣ ፍሬኑ ቢለቀቅም ሸራው እንደያዘ ይቀራል። እንደ ቶዮታ ቪትዝ ባሉ የኋላ ፍሬናቸው በአብዛኛው ታምቡር በሆነ ትናንሽ መኪኖች ላይ፣ ሞላዎቹ ቦታቸውን ስተው ከተገጠሙ መንኳኳትና መጎተት ያስከትላሉ። ከጎን የመጣ ግጭት ደግሞ ሞዞውን፣ ኩሽኔታውን ወይም አክስሉን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ በመሣሪያ ካልተለካ በዓይን ላይታይ ይችላል።

ያልተጋጨው ጎን እንደ መለኪያ

የፍተሻው ዋና መላ የተጋጨውን ጎን ካልተጋጨው ጋር ማነጻጸር ነው። ከአጭር ጉዞ በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬዎቹ በማስጠጋት ሙቀታቸውን ማስተያየት ይቻላል፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጋለ ፍሬኑ ሳይለቅ እየጎተተ መሆኑ ያጠራጥራል።

ቀጥሎ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፤ ኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት ያሰጋል። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ሁለቱም ጎማዎች በእጅ ሲዞሩ የሚከብደው ወይም የሚፋተገው ይለያል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ማሰሪያው መፈተሽ አለበት። አነስተኛው የዲስክ ውፍረትና ትልቁ የታምቡር ስፋት በአብዛኛው በራሳቸው ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ልኬቱ ከዚያ ጋር ይመሳከራል።

በታምቡር ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት አይገባም። በተለይ አሮጌ ሸራዎች ለሳንባ አደገኛ የሆነውን አስቤስቶስ ሊይዙ ስለሚችሉ በእርጥብ መጥረግ ይመረጣል።

ለምን አይዘገይም?

ሳይለቅ የሚጎትት ፍሬን ያለማቋረጥ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላበት ሙቀት ከ205፣ የዶት 4 ደግሞ ከ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማነስ የለበትም። እርጥበት ሲገባባቸው ግን ዝቅተኛው ልክ እንደ ቅደም ተከተላቸው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ስለሚፈጠር ፔዳሉ ይላላል፤ ፍሬኑም አልይዝ ይላል። ከደጀን ወደ ዓባይ ወንዝ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ የሚያስከትለው አደጋ ግልጽ ነው።

ብረት ከብረት የሚፋተግ ድምፅ፣ የፔዳል መላላት፣ የፍሬን ዘይት መቀነስ፣ የቃጠሎ ሽታ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡ ከታየ፣ መንዳት አቁሞ በሌላ ተሽከርካሪ አስጭኖ ወደ ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ሸራ ሲቀየርም የግራና የቀኙ በአንድ ጊዜ ይቀየራል።

መኪናውን ከጋራዥ የሚረከብ ባለንብረትም በጥገናው ወቅት የተፈቱትንና የተቀየሩትን ክፍሎች ዝርዝር በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ ከመካኒኩ ጋር አብሮ ነድቶ ቢሞክር፣ ብዙ ድካምና ወጪ ይቀንሳል። ጥገናው የተሟላ የሚሆነው ቀለሙ ሲያምር ብቻ ሳይሆን ፍሬኑም ሲታመን ነው።