የፍሬም መውረድ በኃይለኛ የጌም ኮምፒውተር

የፍሬም መውረድ የሚባለው አንድ ኮምፒውተር ጌም ሲያጫውት በሰከንድ የሚሥላቸው ምስሎች ወይም ፍሬሞች ቁጥር ከዕቃዎቹ አቅም በታች ሲሆን ነው። ተጫዋቾች «ይቆራረጣል»፣ «ይጎተታል» ወይም ባጭሩ «ላግ ያደርጋል» ይሉታል። አሮጌ ኮምፒውተር ቢንቀራፈፍ ማንም አይገረምም። እዚህ የሚነሣው ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ አዲስ ግራፊክስ ካርድና አዲስ ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር እንደ አሮጌ ሲሆንበት ምን ይደረግ የሚለው ነው።

ፊልም ከድምፅ ጋር ከተዋወቀ ጀምሮ በሰከንድ 24 ምስል ሲያሳይ ኖሯል፤ ተመልካቹም አላጉረመረመም። ጌም ግን ከመታየት አልፎ የሚነዳ ነገር ነው። እጅ ያዘዘውን ዓይን ወዲያው ካላገኘው ጨዋታው ይበላሻል። ስለዚህ ዛሬ 60 ፍሬም እንደ መነሻ፣ 120 እና 144 እንደ ምቾት ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ወደ ጊዜ ሲመነዘር ነገሩ ይበልጥ ይገባል፤ 60 ፍሬም ሲባል ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ፣ 144 ሲባል 6.9 ሚሊሰከንድ ብቻ አለ። አማካዩ 120 ሆኖ ሳለ በየመሀሉ 50 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ምስል ብቅ ካለ፣ ተጫዋቹ የሚሰማው መንገጫገጩ ነው። የሙያው ሰዎች ከአማካዩ ጎን እጅግ የዘገዩትን ምስሎች የሚለካውን «የ1 በመቶ ዝቅተኛ» ቁጥር የሚያዩትም ለዚህ ነው።

ማን ማንን ይጠብቃል?

ፕሮሰሰሩ የጌሙን ዓለም ያሰላል፤ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ ይወስንና የሚሣለውን ለግራፊክስ ካርዱ ያቀብላል። ካርዱ ይሥላል፣ ሞኒተሩ ያሳያል። እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል ሊጡ ካልደረሰ ባዶውን ይግላል። ሊጡ ሞልቶ ምጣዱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጋጋሪዋ ቆማ ትጠብቃለች። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲጎተት የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱን ልቀይር?» መሆን የለበትም። ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለአዲስ ዕቃ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው ይህን ሳይጠይቁ በመቸኮል ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ያለ ነፃ ፕሮግራም ጌሙ እየሄደ ሳለ የእያንዳንዱን ዕቃ ሥራና ሙቀት በስክሪኑ ጥግ ያሳያል። ግራፊክስ ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ እየሠራ ከሆነ አቅሙን እየሰጠ ነው፤ ቁጥሩ አሁንም ካነሰ ሴቲንጉን ዝቅ ማድረግ ነው። 50 ወይም 60 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ባዶ ምጣድ ነው፣ ሊጥ እየጠበቀ ነው። የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ መቶኛ እዚህ ላይ ያታልላል። በአንድ ጊዜ 16 ሥራ የሚይዝ ፕሮሰሰር አንዱ መስመር እስከ ጥግ ቢጨናነቅና ሌሎቹ ቢተኙ፣ ጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ይነበባል። ጌሙ ግን በዚያች አንድ መስመር ታንቋል።

ሌላው መፈተሻ የምስሉን ጥራት መቀነስ ነው። ፎርኬ የሚባለው ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ነጥቦች ሲኖሩት 1920 በ1080 የሆነው 2.1 ሚሊዮን ገደማ አለው፤ የካርዱ ሸክም በአራት እጅ ይቀላል ማለት ነው። ሸክሙ ያን ያህል ቀልሎ የፍሬሙ ቁጥር ፈቀቅ ካላለ ጥፋቱ ከካርዱ አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ችግር ታዋቂ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ክራይሲስ ነው። የጀርመኑ ክራይቴክ ጌሙን የሠራው የፕሮሰሰር አንዷ መስመር ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል ብሎ ሲሆን፣ ፋብሪካዎቹ ግን መስመሮችን ማብዛት መረጡ። ከዓመታት በኋላ የመጡ እጅግ ውድ ኮምፒውተሮችም በአንዳንድ ቦታው ላይ የተንገዳገዱት ስለዚህ ነው።

አሳፋሪዎቹ ምክንያቶች

ልምድ ያለው ጠጋኝ ካቻቪቴ ከማንሣቱ በፊት ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሄዶ ገመዱን ያያል። የሞኒተሩ ገመድ ከግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ሲገኝ፣ ምስሉን የሚሥለው ብዙ ጊዜ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ደካማ ግራፊክስ ናት፤ ውዱ ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሰው ለመናገር የሚያፍርበት ስሕተት ነው፣ ግን በየቀኑ ይሠራል።

ሁለተኛው ዊንዶውስ 144 ወይም 165 ኸርዝ የሆነን ሞኒተር በ60 ሲያስኬደው ነው። በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን መቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩ፤ በባትሪ ወይም አቅሙ ባነሰ የስልክ ዓይነት ቻርጀር ሲሠራ ራሱን ይገድባል።

ራም ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙው ሰው መጠኑን ብቻ ስለሚያይ። 32 ጊጋባይት በአንድ ቁራጭ ከመግዛት 16 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ የመንገዱ ስፋት ይጨምራል። አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ፍጥነቱም አለ። ዲዲአር5 ራም ካርቶኑ ላይ 6000 ተብሎ ቢጻፍም ኮምፒውተሩ ሲበራ ብዙ ጊዜ በ4800 ይነሣል። ዲዲአር4 ደግሞ 3600 ተብሎ ተገዝቶ በ2133 ሲያዘግም ይገኛል። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኢንቴል ኤክስኤምፒ፣ ኤኤምዲ ኤክስፖ የሚሉትን መስመር ካላበሩት ገዢው የከፈለበትን ፍጥነት ሳያየው ይኖራል።

የቀረውን ባጭሩ፦ የተበላሸ ወይም በአሮጌው ላይ የተደረበ ድራይቨር፣ ከጀርባ የሚቀርጽ ፕሮግራም፣ ብዙ ገጽ የተከፈተበት ብራውዘር። ክራክ የተደረገ ጌም በነፃ ያወረደ ሰው ደግሞ በድብቅ ክሪፕቶ የሚቆፍር ቫይረስ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ራሳቸውን ያቆማሉ፤ ሲዘጋ ይቀጥላሉ። ባለቤቱም «ሳየው ደህና ነው፣ ስጫወት ይሞታል» እያለ ይደነቃል።

ሙቀት፣ ፉሩሴትና አዲስ አበባ

ሙቀትም ፍሬም ያወርዳል፤ ፉሩሴትን ለምሳሌ እንውሰድ። ፉሩሴት በኦስሎ ምሥራቅ፣ በግሮሩዳለን ሸለቆ፣ በአልና ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። የከተማዋ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1978 ደረሰው፤ ከፎቆቹም ብዙዎቹ የ1970ዎቹ ሥራ ናቸው። ብርድ እንዳይገባ ተደርገው የተሠሩ ቤቶች ናቸው፤ ማሞቂያው መስኮት ሥር ይሰቀላል፣ የልጁ ጠረጴዛም ብርሃን ፍለጋ እዚያው መስኮት ሥር ይሆናል። ኮምፒውተሩ እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ማሞቂያው ያጋለውን አየር ነው። በበጋ ደግሞ ያው ብርድ የከለከለ ግድግዳ ሙቀቱን አያስወጣም፤ ጌም ሲያጫውት 500 ዋት የሚስብ ኮምፒውተር ራሱ አንድ ትንሽ ማሞቂያ ነው።

ፕሮሰሰርም ሆነ ካርድ ሲግል እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጌሙ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ቁጥሩን ሲያዩ ግን መደንገጥ አይገባም። አብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ፍጥነቱም አብሮ ሲወርድ ነው ነገሩ በሽታ የሚሆነው። መድኃኒቱ አቧራውን ማራገፍ፣ ሳጥኑን ከማሞቂያውና ከግድግዳው ማራቅ፣ የቆየ ከሆነም ቴርማል ፔስቱን መቀየር ነው። አዲስ ከተገጣጠመ ደግሞ የማቀዝቀዣው የታችኛው ፕላስቲክ መላጡን ማረጋገጥ፤ እሱም ከአሳፋሪዎቹ ወገን ነው።

ከፉሩሴት ወደ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ የሚልክ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ቀላል ነው፣ ይዞ የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ኦስሎ ላይ በጠርዝ ላይ የነበረ ላፕቶፕ ቦሌ ሲደርስ ከጠርዙ ይወድቃል። የተላከለት ልጅ «ውጭ የተገዛው ተበላሽቶ መጣ» ቢል አይፈረድበትም፤ ዕቃው ግን ደህና ነው። ፋኑን ከፍ ማድረግ፣ የካርዱን የኃይል ጣሪያ በመጠኑ ዝቅ ማድረግ ብዙውን ይመልሳል።

«መብራት ሲያንስ ፍሬም ይወርዳል» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። አብዛኞቹ ዘመናዊ ፓወር ሳፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ከዚያ ከወረደ ኮምፒውተሩ ይጠፋል እንጂ አይንቀራፈፍም። ፉሩሴትም ቢሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የቤቱ አንድ መስመር በ230 ቮልትና በ16 አምፔር የሚሸከመው 3,680 ዋት ነው። ቅዳሜ እናት ስትጋግር ልጅ በዚያው መስመር ላይ ከተጫወተ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ፍሬሙ ዜሮ ይሆናል ማለት ይቻላል።

ባቡሩ ያመለጠው ምስል

ቪ-ሲንክ የሚባለው ሴቲንግ ምስሉ ከሞኒተሩ ምት ጋር እንዲገጥም ያስገድዳል። 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በየ16.7 ሚሊሰከንዱ አንድ ምስል ይወስዳል። ምስሉ በ17 ሚሊሰከንድ ከደረሰ፣ ፉሩሴት ጣቢያ ሁለት ቁጥር ባቡር በሩን ሲዘጋ እንደደረሰ ሰው ነው፤ የዘገየው በሴኮንዶች ቢሆንም ቀጣዩን ሙሉ ባቡር ይጠብቃል። ቁጥሩ ከ60 ወደ 30 ዱብ የሚለው በዚህ ነው። ፍሪሲንክና ጂ-ሲንክ ያላቸው ሞኒተሮች ተሳፋሪውን የሚጠብቅ ባቡር ናቸው፤ ምስሉ ሲደርስ ይነሣሉ።

የካርዱ ሜሞሪ መሙላትም ተመሳሳይ ዱብታ ያመጣል። የተረፈው ወደ ዋናው ራም ሲሄድ በጣም ጠባብ መንገድ ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 970 ካርድ ካለው 4 ጊጋባይት ውስጥ ፈጣኑ 3.5 ብቻ እንደሆነና የቀረው ግማሽ ጊጋባይት እጅግ ቀርፋፋ እንደሆነ ታወቀ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው ለአሜሪካ ገዢዎች በካርድ 30 ዶላር ለመክፈል በ2016 ተስማማ።

ከኮምፒውተሩ ውጭ ያለ ጥፋት

ፒንግ (ምልክት ወደ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) እና ፍሬም ይምታታሉ። ገጸ ባሕርዩ ወደ ኋላ ቢዘል፣ ጥይት ከግድግዳ ጀርባ ቢያገኝ፣ የፍሬሙ ቁጥር ግን ካልተነቃነቀ ችግሩ የኔትወርክ ነው። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ሰርቨር ላይ የሚጫወት ሰው ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ቢያይ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው፤ አዲስ ግራፊክስ ካርድ አያሳጥረውም።

አንዳንዴም ጥፋቱ የአምራቹ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ በኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ ጌሞችን ያዘገየ ስሕተት ነበረበት፤ በዚያው ወር በአፕዴት ተስተካከለ። በ1993 ኦስሎ ውስጥ የተመሠረተው ፈንኮምም በ2001 አናርኪ ኦንላይን የተባለውን ጌሙን ሲለቅ በላግና በመቋረጥ ስሙ ተነሥቷል። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ደግሞ ሼደር የሚባሉትን የምስል ትእዛዞች በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ስለሚያዘጋጁ ይንተባተባሉ። በዚያው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ሲያልፉ የሚጠፋ መንተባተብ ከሆነ መጠበቅ እንጂ መጠገን አያስፈልገውም።

ጉዞም ያበላሻል። በፋሲካ በኖርዌዩ ሃማር ከተማ፣ ለ1994ቱ የክረምት ኦሎምፒክ በተሠራው ቫይኪንግሺፔት አዳራሽ ሲደረግ ወደኖረው ዘ ጋዘሪንግ የተባለ የኮምፒውተር ስብሰባ ወጣቶች ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ኖረዋል። ከባድ ካርድ በመንገድ ላይ ከቀዳዳው ላላ ሲል በ16 የመረጃ መስመር ፈንታ በጥቂቱ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ካርዱን አውጥቶ መልሶ መጫን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ዕቃው ራሱ ጉድለት ያለበት ሆኖ ከተገኘ፣ በኖርዌይ ከሱቅ የገዛ ሰው በሸማቾች ግዢ ሕግ ይጠበቃል። በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ይመለሳል። ከሁለት ዓመት እጅግ ለበለጠ ጊዜ እንዲያገለግል የታሰበ ዕቃ ላይ የጉድለት አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ 5 ዓመት ነው፤ ጉድለቱን ያወቀ ሰው ግን በተገቢው ጊዜ ውስጥ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፣ ይህም ጊዜ ከ2 ወር አያንስም።