ማዞሪያው የት ነበር?

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ሰፈርህ የት ነው?" የሚለው ነው። እንዲሁ ለወሬ ማሟሻ የተጠየቀ ይመስላል እንጂ መልሱ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ሰውየው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ስንት ታክሲ እንደሚቀያይር፣ ቤቱ የራሱ ይሁን የኪራይ፣ ዕጣ ይድረሰው አይድረሰው ጠያቂው በልቡ ያሰላል። "ቱሉ ዲምቱ" ያለ እንደሆነ "አቤት ርቀቱ! ታዲያ እንዴት ትመላለሳለህ?" ይባላል። "ለምን እዚያ መረጥክ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ለሥራ ብሎ ወደዚች ከተማ የመጣ ሰው ዳር ሰፈሩን ራሱ መርጦት አያውቅማ!

ነገሩ ከጥንስሱ እንዲህ ነው። "ሰፈር" የሚለው ቃል ራሱ ጦር ያረፈበትን ቦታ ያመለክታል፤ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ የወረደ ትልቅ የጦር ሰፈር ነበረች። ቤተ መንግሥቱ አንዱ ጉብታ ላይ ተሠራ፤ መኳንንቱ ደግሞ ከነጭፍሮቻቸው በየጉብታው ዙሪያውን ሰፈሩ። በመሐል ያለው ሜዳና ወንዝ ነው። ለሥራ የመጣው ወታደር፣ አናጢ፣ ፈረስ ጠባቂ፣ እንጀራ ጋጋሪ "የት ልኑር?" ብሎ አይጨነቅም። ከጌታው አጥር ሥር ጎጆውን ይቀልሳል፣ አለቀ። ደጃች ውቤ ሰፈር የጌታውን ስም ይዞ ቀረ፤ ሠራተኛ ሰፈርና ጠመንጃ ያዥ ደግሞ የሎሌውን ሥራ። እንደ ናይሮቢ ባሉ ከተሞች ቅኝ ገዢው ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ ሲያሰፍር፣ እኛ ዘንድ የባለጸጋው የድንጋይ ቤትና የድሃው ጭቃ ቤት አንድ ቀበሌ ውስጥ ተቃቅፈው የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ፍቅር ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጌታው ሎሌውን ሲጠራ በድምፅ እንዲደርስለት ብሎ ያደረገው ይመስለኛል።

ጌታ የሌለውስ? እሱ ደግሞ ዘመድ አለው። ከደቡብ የመጣው የዶርዜ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ካለው የወንዙ ልጅ ዘንድ ያርፋል፤ መወርወሪያውንም እዚያው ይተክላል። ወሎ ሰፈርን የመሰሉ ስሞችም ሰው ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። ዘመድ የሚሰጠው ማደሪያ ብቻ አይደለም። ሥራውንም፣ ዕቁቡንም፣ ዕድሩንም አብሮ ይሰጣል፤ ለዚያ ደግሞ ደላላም ውልም አያስፈልግም።

ለእኔ ከጥንቶቹ ዳር ሰፈሮች ሁሉ እንደ አቃቂ ያለ የለም። የምድር ባቡሩ በ1907 ዓ.ም. አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፋብሪካዎችም ሐዲዱን ተከትለው እዚያው አካባቢ ተተከሉ። የጨርቃ ጨርቁ ሠራተኛ በእግሩ ወጥቶ በእግሩ የሚገባው ሥራው ራሱ ወደ ዳር ስለመጣለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን ወደ ዳር ስንልክ ሥራውን አብረን መላኩን የረሳነው ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ካዛንቺስ ልውሰዳችሁ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ ሳለ ከአገሩ ለሥራ ያመጣቸውን ሰዎች የሚያኖርበት ሰፈር ያስፈልገው ነበር። "ኢንቺስ" የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም አጭር ስም ነው፤ "ካዜ ኢንቺስ" ማለት የተቋሙ ቤቶች ማለት ሲሆን በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬም እንዲሁ ለተራው ጣሊያናዊ ከታሰቡት "የሕዝብ ቤቶች" ስሙን ወሰደ። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፤ ለሥራ ለሚዛወር ሠራተኛ ታስቦ፣ ተለክቶ፣ በተቋም የተሠራ ሰፈር በዚች ከተማ ያየነው ያኔ ነው። የተሠራው ግን ለእኛ አይደለም። አገሬውማ የአራዳ ገበያው ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እየተገፋ ነበር፤ መርካቶ የተባለው ቦታ "የአገሬው ገበያ" ተብሎ የተከለለው ዘር ከዘር እንዲለይ ነው። ጣሊያኑ ወጣ፣ ቤቶቹ ቀሩ። የእኛ ሹማምንትና ሠራተኞች ገቡባቸው፤ ክፍተቱን ደግሞ ጭቃ ቤት ሞላው። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ካዛንቺስም እንደሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሆነ።

ከጣሊያን በኋላ ዳርን የወሰነው አውቶቡስ ነው። "ሃያ ሁለት ማዞሪያ" የምንለው ቦታ ስሙን ያገኘው የ22 ቁጥር አውቶቡስ እዚያ ደርሶ ይዞር ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገደኛ የለም፣ እርሻ ነው። ኮልፌ በኩል ያለው አሥራ ስምንት ማዞሪያም እንዲሁ። እነዚህን ስሞች እወዳቸዋለሁ። የከተማዋ ዳር በየዘመኑ የት እንደነበረ ከማንኛውም ካርታ አስበልጠው ይነግሩኛል። ዛሬ ሃያ ሁለት ላይ ቆሞ "ዳር ነው የምኖረው" የሚል ሰው ቢገኝ ይሳቅበታል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ተባለ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ኪራይ ቀነሰ፣ ብዙ ድሃም እፎይ አለ። ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም አዋጁ ብዙ ያልተወራለት አንድ ሌላ ሥራ ሠርቷል፤ ሰውን ካለበት ተከለው። በጥቂት ብር የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ሥራው ቃሊቲ ቢዛወር፣ እሱ ጉለሌ ያለችውን ቤት እንዴት ብሎ ይለቃታል? ከለቀቀ ሌላ አያገኝማ! ስለዚህ ሥራው ሲሄድ ቤቱ ቆመ፤ ሰውየው በሁለቱ መሐል ዕድሜውን በአውቶቡስ ጨረሰ። አዲስ መጪውስ? አከራይ የሚባል በሕግ ስለሌለ ደባል ሆኖ ገባ። አንዲት ክፍል በመጋረጃ ተከፍላ ሁለት ቤተሰብ ትይዛለች። ዕድል የቀናቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ተመሩና ቤት ሠሩ፤ ዛሬ መሐል የሆኑ ብዙ ሰፈሮች ያኔ "የማኅበር ቤት" ተብለው ጅብ የሚጮህባቸው ነበሩ።

ቀጥሎ ዕጣ መጣ። የኮንዶሚኒየም ግንባታው በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺሕ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዝገባ ሲመጣ ቁጥሩ ወደ ሚሊዮን ተጠጋ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቂሊንጦ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ... ስሞቹን በጋዜጣ ዕጣ ገጽ ላይ ተማርናቸው። ዕጣ ደግሞ ሥራህ የት እንደሆነ አይጠይቅም። አስኮ የሚሠራው ቱሉ ዲምቱ ይደርሰዋል፣ ቃሊቲ የሚሠራው የካ አባዶ። ታዲያ ምን ያደርጋል? የደረሰውን ያከራያል፣ እሱ ሥራው አጠገብ ይከራያል። ተከራዩም ነገ የራሱ ዕጣ ሲወጣ እንዲሁ ያደርጋል። ከተማው ሁሉ አንዱ የሌላውን ቤት ተከራይቶ ይኖራል ብል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከደሴ ተነሥቶ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘና ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ደላላው ኮዬ ፈጬ ሁለት ክፍል አለ ይለኛል፤ በዚያው ዋጋ ኃይሌ ጋርመንት ጋ የማገኘው አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት። የቱ ይሻለኛል?" አለኝ። "ቤቱን መቼ ነው ያየኸው?" አልኩት። "እሑድ።" ደላላ ቤት የሚያሳየው እሑድ ነው፤ መንገዱ ባዶ፣ ታክሲው ሞልቶ፣ ፀሐዩም ደስ ሲል። "በል ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ቁምና ሰልፉን ከቆጠርክ በኋላ ወስን። ደግሞ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ሮቶ እንዳለ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቅ" አልኩት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ማዘዙንም ነገርኩት። ይህን አከራዩ ቀድሞ አይነግረውም። ሰርቪሷን ወሰደ። ከአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ፣ ከባለቤቱ ቪላ ጀርባ የተደረደሩ ክፍሎች ናቸው። ሄጄ ሳያት የጥንቱ የጌታና የሎሌ ግቢ ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ ያሁኑ ሎሌ ኪራይ ይከፍላል።

ሌላም የማይጠየቅ ጥያቄ አለ። ዳሩ ባዶ ነበር ወይ? ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የምንላቸው ስሞች የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ስሞች ናቸው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ለገጣፎ፣ ለገዳዲ ሲባልም "ለገ" ወንዝ ነው። ኮረብታውና ወንዙ ስም ያወጣላቸው፣ ያረሳቸውና ከብት ያጠጣባቸው ሰው ነበራቸው። ከተማዋና ዙሪያዋን በአንድ ያቅድ የነበረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ገጠመው፤ በ2008 ዓ.ም. ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ ቀረ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺሕ በላይ ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ ሲወጣ፣ ኮዬ ፈጬ ያሉት ስለነበሩበት፣ በማግስቱ የኦሮሚያ ከተሞች በተቃውሞ ተሞሉ። ዐሥራ ምናምን ዓመት የቆጠበው ባለዕጣ ቤቱን ይጠብቃል፤ በትንሽ ካሳ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ደግሞ በዚያው ሕንፃ ሥር ዘበኛ ሆኖ ያየዋል። የሁለቱም እንባ እውነት ነው፤ አንዱን አይቶ ሌላውን የሚረሳ ጽሑፍ ግን አሁንም ይበዛል። በ2015 ዓ.ም. ዙሪያዋን ያሉት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል ስም ተዋቀሩ። ስለዚህ ዛሬ ለገጣፎ የሚከራይ ሰው አስፋልቱን ተሻግሮ ሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው የሚገባው። መታወቂያውም፣ ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምርበት ቋንቋም ሌላ ነው። ይህንንም ደላላ አይነግርም።

ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል ተብሎ ብዙ ሰው በሐዲዱ ዳር ቤት አፈላለገ። በኋላ በመለዋወጫ እጦት ብዙ ባቡሮች ቆሙና ሰዉ ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለሰ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ለኮሪደር ልማት ተነሥተው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ሄዱ። በከተማዋ ታሪክ ብዙ ሰው ዳር የወጣው ሥራ ፍለጋ ነበር፤ እነዚህ ግን ሥራቸውን መሐል ትተው ነው የወጡት። ብዙዎቹ ከጭቃ ቤት ወጥተው መጸዳጃውና ኩሽናው ለብቻው የሆነ ቤት አግኝተዋል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ካዛንቺስ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቡና ታፈላልን የነበረች ሴት አውቃለሁ። አዲሱ ቤቷ ከድሮዋ ክፍል ሦስት እጥፍ ይሰፋል። እዚያ ቡና ማፍላት ሞክራ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቡና የሚያፈላ ሆነባትና ተወችው። አሁን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ጀበናዋን በፌስታል አንጠልጥላ፣ በሁለት አውቶቡስ ወደ ድሮ ደንበኞቿ ትመጣለች። ባለፈው ሳገኛት የኪራይ ክፍል እየፈለገች ነበር፤ መሐል አካባቢ፣ ትንሽም ብትሆን።